የሥጋ ዶሮ በቤት፦ ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ ለመጡ ጥያቄዎች

ሥጋ ዶሮ ስለማርባት ያላችሁን ሁሉ ጠይቁ ብያችሁ ነበር። ብዙዎቻችሁን ያሳሰበውን አስቀድሜያለሁ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ዶሮዎቼ ወር ሲሞላቸው ሆዳቸው እያበጠ ይሞታሉ። አንዷን ከፍቼ ሳያት ሆዷ ውሃ ሞልቷል። ፈንግል ነው?

አይደለም እታለም። ፈንግል አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ ቤቱን ሙሉ በቀናት ይጨርሳል። ያንቺው የከፍታ ጣጣ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ኮብ 500 እና ሮስ 308 ደግሞ በ6 ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ የሚገቡ ዝርያዎች ናቸው። ሥጋቸው ይሮጣል፣ ልብና ሳንባቸው አይደርስበትም። ልባቸው ደም ወደ ሳንባ ሲገፋ ይደክማል፣ ፈሳሹም ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወደ ወይን ጠጅ ሲያደላ ካየሽ ያው ነው።

አንዴ ከያዛቸው የሚያድን መድኃኒት የለም። ዕድገታቸውን ማዘግየት ነው ያለው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ መኖውን አንሺባቸው፣ ውሃው ግን ይኑር። ብርድ አይንካቸው፤ ብርድ ልባቸውን ይበልጥ ያደክማል። ብርድ ፈርተሽ ደግሞ መስኮቱን ጥርቅም አታድርጊ። ስትገቢ የኩሱ ሽታ ዓይንሽን ካቃጠለሽ፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት እሱን ነው። እኔን ካልሽ፣ ለደሴ ሳሶ የሚባለው ዝርያ ይሻላል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ጠንካራ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ለጫጩት ስንት ዲግሪ ሙቀት ይበቃል?

የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 34። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነስክ እስከ 21 አውርደው። ቴርሞሜትር ባይኖርህም ጫጩቶቹ ይነግሩሃል። ሙቀቱ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል። በከሰል ከሆነ የምታሞቀው፣ ውጭ በደንብ ሳይቀጣጠል አታስገባው፣ አየር ማስወጫም ይኑር። ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ አንተንም ጭምር።

ከሐይቅ፦ ትልልቆቹን አስቀርቼ ላራባቸው እችላለሁ?

እነዚህ ድቅል ናቸው ወንድሜ። እንቁላል ይጥላሉ፣ ይፈለፈላልም፣ ጫጩቶቹ ግን የወላጆቻቸውን ያህል አይወጣላቸውም፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆንብሃል። አውራውም ጠግቦ እየበላ ካደገ እግሩ አይሸከመውም፣ ሴቷ ላይም መውጣት ያቅተዋል።

ማርባት ከፈለግክ ኮኮክ ያዝ። በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወጣ ዝርያ ነው፤ ልጆቹ እሱኑ ይመስላሉ። ለ1 አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል። እንቁላሉን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሰፊ ጫፉን ወደ ላይ አድርገህ አስቀምጥ፤ ከ7 ቀን አታሳልፈው። አስራ ሁለት ያህሉን የምትታቀፍ የሐበሻ ዶሮ ሥር አድርግ፣ በ21 ቀን ታወጣልሃለች። አውራውን ከገዛ ልጆቹ ጋር አትተወው፤ ከሩቅ ሰው ጋር ተለዋወጥ።

ከባቲ፦ ኩሳቸው ደም አለበት።

ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይመስላል። የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ይመቸዋል። ጉዝጓዙን ዛሬውኑ አውጥተህ ደረቅ ገለባ ወይም ሰጋቱራ አንጥፍ፣ ከእንስሳት ሐኪም አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት ጠይቅ፣ በተባልከው ልክ ውሃ ውስጥ ስጥ።

ከመርሳ፦ አንዷ ስንት ትበላለች?

2 ኪሎ እስክትሞላ 4 ኪሎ ያህል መኖ። ጫጩት ከመግዛትህ በፊት የመኖውን ብር ያዝ።

ከወልድያ፦ በሁዳዴ ገበያው ይሞታል። ምን ላድርግ?

ጾሙ 55 ቀን ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጫጩት ብታስገባ ለፋሲካ ዋዜማ 6 ሳምንት ይሞላዋል። እስከዚያ እጅህ ላይ ያለውን ሙስሊም ጎረቤቶችህ ይገዙሃል። ከነነፍሱ ሽጠው፤ ሁሉም እንደ ሃይማኖቱ ያርዳል። ለወጥ የሚገዛህን ግን ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ እንዲጨምረው ንገረው። እንደ ሐበሻ ዶሮ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ከቆየ ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ ደንበኛህም አይመለስም።