መልስ፦ ፊዚዮቴራፒውን ትተን አኩፓንክቸር እንጀምር ወይ?

ፊዚዮቴራፒውን አታቋርጡ። አኩፓንክቸሩን (ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ የሚሰካበትን ሕክምና) በላዩ መጨመር ትችላላችሁ፤ መርፌው ብቻውን ግን ከስትሮክ በኋላ ተጨብጦ የቀረውን የአባትሽን እጅ አይፈታም።

ችግሩ ያለው እጃቸው ላይ ሳይሆን አንጎል ላይ ነው። ጡንቻው እንዲላላ የሚያዘው መልእክት ስለተጎዳ ክንዱ ይታጠፋል፣ ጣቶቹም ይጨበጣሉ። መርፌው ለአንዳንድ ሰው ግትርነቱን ለጊዜው ያላላል። ጥናቶቹ በአብዛኛው ትንንሽ ስለሆኑ ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም። ዋናው ቁም ነገር ያችን ጡንቻው የላላበትን ሰዓት መጠቀሙ ላይ ነው።

1. ከመርፌው እንደወጡ ክንዳቸውን ቀስ ብለሽ ዘርጊ፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ክፈቺ። መንጨቅ የለም።

2. ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለባለሙያው አስቀድመሽ ንገሪው። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ካላቸው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መርፌ ይቅርባቸው።

3. ጥቂት ሳምንት ሞክራችሁ ለውጥ ከሌለ ሐኪሙን ስለ ቦቶክስ ጠይቂው። አዎ፣ ያው ለፊት መጨማደድ የሚወጋው! ግትርነትን በማላላት በኩል ማስረጃው ከአኩፓንክቸር የጠነከረ ነው፤ 3 ወር ገደማ ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ከደረሰብኝ ልንገርሽ። የእናቴ ክንድ በሁለት ቀን ውስጥ ድርቅ ሲልብን የመርፌ ቀጠሮ ጨመርንላት። ለካ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኖሯል። ግትርነቱ በድንገት ከባሰ ኢንፌክሽን፣ ከመተኛት ብዛት የመጣ ቁስል ወይም የሆድ ድርቀት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።