የዕቁባችን ጥያቄዎች፦ ዶላር፣ ነዳጅ፣ መብራትና ሽንኩርት

ጎንደር አራዳ ገበያ አካባቢ የምንጥለው ዕቁብ አለ። ዕጣ ወጥቶ ቡና ሲቀርብ ወሬው ሁሌም ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል። ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ስለኖርኩ «እስቲ ንገረን» የሚባለው እኔ ነኝ። ሁሉም ባንዴ ሲያወራ ግን መልስ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጻፉልኝ አልኩ። የመጣው ይኸውላችሁ።

ጋሼ፣ ሳዑዲ ዘይቷን በዶላር ብቻ እንድትሸጥ ከአሜሪካ ጋር የፈረመችው የ50 ዓመት ውል በ2024 አለቀ ይባላል። ዶላር ሊወድቅ ነው?

እንዲህ ያለ ውል አልነበረም። የሌለ ውል ደግሞ አያልቅም። ወሬው ግን መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1974 ሁለቱ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር የጋራ ኮሚሽን አቋቁመዋል። ሳዑዲ ከዘይት ባገኘችው ገንዘብ የአሜሪካን የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥቷ የሚበደርበትን ወረቀት፣ እንድትገዛም ተስማምተዋል። «በዶላር ብቻ ሽጪ፣ ጊዜውም 50 ዓመት ነው» የሚል ግን የለም።

ዶላር የነገሠው ሁሉም ስለሚቀበለው ነው። ይህ ለጎንደር ሰው አዲስ መሆን የለበትም። የገበያችን ገንዘብ ለረጅም ዘመን የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች። ብሩ ግን እሷ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ይታተም ነበር። አንድም የኦስትሪያ ወታደር እዚህ ቆሞ አላስገደደንም። ነጋዴው የያዘው፣ ከምጽዋ እስከ ሱዳን ተቀባይ ስላላጣ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ቀስ እያለ ይደክማል እንጂ አንድ ወረቀት ስላለቀ አይወድቅም።

ታዲያ እነ ቻይናና ሩሲያ ያሉበት የአገሮች ማኅበር፣ ብሪክስ፣ ከገባን ዶላር ለምን ያስፈልገናል?

እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አባል ነን፣ እውነት ነው። ብሪክስ ግን የጋራ ገንዘብ የለውም። ናፍጣ የሚሸጥልህ ሰው «ዶላር አምጣ» ካለህ ዶላር ታመጣለህ። ዶላር የምታመጣው ደግሞ ሰሊጥና ቡና ሸጠህ ነው። የስብሰባ ፎቶ ይህን አይቀይረውም።

ባጃጅ ነው የምነዳው። የዓለም ነዳጅ ወረደ ሲባል እሰማለሁ። የኛ ለምን አይወርድም?

ልጄ፣ ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ድፍድፉ፣ ማለትም ያልተጣራው ዘይት፣ በበርሜል 80 ዶላር ቢሆን፣ ሊትሩ ግማሽ ዶላር ገደማ ይወጣል። ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ 29 ብር ያህል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር 120 ብር ሲገባ ያው ሊትር 60 ብር ሆነ። አሁን ድፍድፉ ወደ 60 ዶላር ይውረድ እንበል። ሊትሩ 45 ብር ነው። ዓለም ላይ ዋጋው በሩብ ወርዷል። አንተ ግን ከ29 ብሩ በጣም ርቀሃል። ይህ እንግዲህ ድፍድፉ ብቻ ነው። እኛ የምንገዛው የተጣራውን ነው፤ የማጣሪያው፣ የመርከቡ፣ ከጅቡቲ ድረስ የቦቴው ኪራይና ግብሩ ገና ይደመራል። መንግሥትም ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ቆይቷል። ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የቤንዚን ሊትር 100 ብርን የተሻገረው እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማደያው ደርቆ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከዚህ ስሌት ጋር ዝምድና የለውም። እሱን አሜሪካ ላይ አታሳብብ።

በኮሮና ጊዜ ነዳጅ ከነጻም በታች ወርዶ ነበር። እኛ ለምን አልደረሰንም?

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ገባ። የወረደው ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ በምትባል ከተማ ለመረከብ የተገባ የአንድ ወር ውል ነው። ማከማቻው እየሞላ ስለነበር ውሉን የያዘ ሁሉ ከፍሎም ቢሆን መገላገል ፈለገ። ጅቡቲ ላይ በነጻ ያደለ የለም።

አሜሪካና አረቦች ተቀምጠው ዋጋ ይወስናሉ። ይህንንም ወሬ ነው ልትለን ነው?

ግማሹ ወሬ አይደለም። የዘይት ላኪ አገሮች ማኅበር የሆነው ኦፔክ እ.ኤ.አ. በ1960 ባግዳድ ላይ ሲመሠረት ዓላማው ይኸው ነበር። አረቦች ለአሜሪካ ዘይት አንሸጥም ካሉበት ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) ማዕቀብ በኋላ በርሜሉ በጥቂት ወራት ከ3 ዶላር ወደ 12 ዶላር ገደማ ዘለለ። እኛንም አገኘን። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ ያቆሙት የነዳጅ ዋጋ ጨመረብን ብለው ነው፤ የሚቀጥለው መስከረም ላይ ንጉሡ አልነበሩም። እንግዲህ ጥቂት አገሮች ዓለምን ማናወጥ ይችላሉ። ዋጋውን እንዳሻቸው ሰቅለው ማቆየት ግን ከብዷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኦፔክ እያለ ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዷል። አሜሪካም ራሷ ትልቋ አምራች ናት፤ ለቴክሳሱ ቆፋሪ ውድ ዘይት ይሻለዋል፣ ለቺካጎው ሾፌር ርካሹ። የቱ ነው የአሜሪካ ፍላጎት?

እንጀራ ጋግሬ ነው የማድረው። መብራታችን ለሱዳን እየተሸጠ እኛ በጨለማ እንቀመጣለን። ግድቡስ አልቆ የለም? ቆጣሪው ለምን ይጨምራል?

እትዬ፣ የርስዎ ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው። መስመሩ መኖሩ እውነት ነው። ከዚሁ ከጎንደር ተነስቶ በገንዳ ውሃና በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ ይገባል። የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

ግን ኃይል ማመንጨት ሌላ፣ እርስዎ ምጣድ ድረስ ማምጣት ሌላ ነው። የሰፈርዎ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ገመዱ ለብዙ ምጣድ ሲቀጥን፣ ግድቡ ያለበት ጉባ ላይ የቱንም ያህል ቢመነጭ አይደርስዎትም። የሱዳኑ መስመር ቢቆረጥም የርስዎ ትራንስፎርመር አይጠገንም። እንዲያውም ትራንስፎርመር መግዣው የውጭ ምንዛሬ ስለሆነ ሽያጩ ሊጠቅም ይችላል። ቅሬታዎ ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የተሸጠበት ገንዘብ ሰፈራችን ገመድ ላይ ካልታየ የመጠየቅ መብት አለዎት።

ታሪፉን በተመለከተ፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር የተወሰነው ለአራት ዓመት ነው። ለዓመታት ከወጪው በታች ሲሸጥ ስለኖረ ነው የሚለው ምክንያት እውነት ነው። ነገር ግን ታሪፉ በእርከን ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም በርካሽ ይከፍላል። ቀኑን ሙሉ ምጣድ የሚጥድ ሰው ደግሞ ውዱ እርከን ውስጥ ይገባል። ለድሃ የታሰበው ቅናሽ ድሃዋን ጋጋሪ ያልፋታል። ይህን እኔም አልወደድኩትም።

ማዳበሪያስ? ዩክሬን ከደምቢያ ጤፍ ጋር ምን አገናኛት?

ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ጋዙ ተሰቀለ፣ ዩሪያውም ተከተለ። እኛ ማዳበሪያ የምናገኘው ከውጭ ነው። በቃ።

ሽንኩርት ፎገራ ይበቅላል። መርከብ አይሳፈርም። ዶላር ሲጨምር ለምን ይጨምራል?

ውሃ የሚስበው ሞተር ነዳጅ ይጠጣል። ጭኖ የሚያመጣው አይሱዙ ጎማውና መለዋወጫው ከውጭ ነው። እስከዚህ ዶላሩ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ደላላውን፣ ኬላውን፣ የተዘጋውን መንገድ ጠይቁ። ነጋዴውንም። ሽንኩርት የሚነግዱ አባሎች እዚሁ አሉ፤ አይቀየሙኝ። ሰኞ በገባ ሽንኩርት ላይ ማክሰኞ የሰሙትን ዶላር ይጨምራሉ። ይህን ደግሞ ኦፔክ አላዘዛቸውም።