የቴክኒክ ጥያቄና መልስ፦ አሮጌው ፕሌይስቴሽን ለምን ይግላል?

ጥያቄ፦ «ታላቅ ወንድሜ በ1998 ዓ.ም. ያመጣልን ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 እስካሁን ቤታችን አለ። በቅርቡ ግን ኳስ ጨዋታ ከጀመርን 25 ደቂቃ ያህል ሲሆነን ፊት ለፊቱ ያለችው መብራት ቀይና አረንጓዴ እየቀያየረች ብልጭ ድርግም ትልና ማሽኑ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ይነሣል፤ ሆኖም በ10 ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ይደግማል። ያሳየሁት ጠጋኝ ቦርዱ አልቋልና ሌላ ግዛ አለኝ። ጎንደር ሞቃት ከተማ አይደለችም፤ ታዲያ ምን ያግለዋል? የተቀመጠበትን ቦታ እንድታዩት ፎቶ ልኬያለሁ።» (ጠያቂ፣ ከጎንደር ማራኪ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀይና አረንጓዴ የምትቀያይረው መብራት ማሽኑ ውስጡ ከመጠን በላይ መጋሉን የሚናገርባት ምልክት ናት። ከዚያ በኋላ የሚጠፋውም ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ነው። ቦርዱ ያለቀ ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 25 ደቂቃ ያለ እንከን ተጫውቶ፣ አርፎ እንደገና አይነሣም። ስለዚህ በጠጋኙ ፍርድ አልስማማም፤ ቢያንስ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሳይሞከር ገንዘብዎን አያውጡ።

የጎንደር አየር ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ቢሆንም ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ቀላል በመሆኑ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ንጹሕ ማሽን ይህን ይችለዋል። አቧራ የዋጠ ማሽን ግን አይችለውም።

አሁን ወደ ፎቶው ልመለስ። ማሽኑ ቡፌው ውስጥ ጀርባውን ከቡፌው እንጨት ጋር አጣብቆ ተቀምጧል፤ እናትዎ በአክብሮት ያለበሱት ነጭ ዳንቴልም ከላይ ወርዶ የፊቱን ክፍተቶች በከፊል ሸፍኗል። ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ቀዝቃዛ አየር የሚስበው በፊቱ ሲሆን የጋለውን የሚያስወጣው ከኋላ ባለው ፋን ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል አፍንጫው ተሸፍኗል፣ በሌላ በኩል ያስወጣው ትኩስ አየር ከእንጨቱ ጋር ተላትሞ ተመልሶ ይገባበታል። ከቡፌው ሥር ረከቦቱንም አየሁ። ቡና በተፈላ ቁጥር የእጣኑና የከሰሉ ጭስ ወደ ማሽኑ ይሳባል፤ የእጣን ጭስ ደግሞ የሚያጣብቅ ነገር ስላለው የበጋው አቧራ ከፋኑ ምላጮች ላይ እንደ ጨርቅ ተለብዶ ይቀራል። ዳንቴሉ ማሽኑ ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ቢለብስ አይጎዳም፤ ሲሠራ ግን መነሣት አለበት።

ስለዚህ ምንም ሳይፈቱ ማሽኑን ባዶ ጠረጴዛ ላይ፣ ከኋላው ቢያንስ አንድ ጋት ክፍት ቦታ ትተው ያስቀምጡትና ለ15 ደቂቃ ያጫውቱት። ከዚያ መዳፍዎን ከፋኑ ኋላ ይያዙ። ትኩስ፣ ነገር ግን ደካማ ነፋስ ከተሰማዎት ችግሩ አቧራ ነው። ምንም ነፋስ ከሌለ ፋኑ ቆሟል፤ ወዲያውኑ ያጥፉት። ነፋሱ ብርቱና ቀዝቃዛ ሆኖ የማሽኑ ሆድ የሚፋጅ ከሆነ ግን ሙቀቱ ከቺፑ ወደ ማብረጃው ብረት እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። የብዙ ሰው ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው ይህን ልዩነት ሳይለዩ ፋን በመቀየር ነው።

ለአቧራው ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ጥቂት ሰዓት ካቆዩት በኋላ ሆዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ ክዳኖች አንሥተው ከሥራቸው ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ። የላይኛውን ክዳን ሲያነሡ ከማብሪያው ቁልፍ የምትመጣዋን ጠፍጣፋ ቀጭን ገመድ እንዳይቆርጡ እጅግ ይጠንቀቁ፤ በቤት ውስጥ ጥገና ብዙ ማሽን የሚሞተው በእሷ ነው። የኃይል ሰጪውን ክፍል አይንኩ። የፋኑን ምላጭ እንዳይሽከረከር በስቴኪኒ ይዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ ያ አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ጉልበቱም ምላጩን ሊሰብር ይችላል።

ሦስተኛው ምልክት ከታየ በቺፑና በማብረጃው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓድ (ለስላሳ ንጣፍ) ደርቋል። ሲቀየር ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ወፍራም ፓድ በነበረበት ቦታ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ብቻ ቢቀባ ክፍተቱ ስለማይሞላ ማሽኑ ከበፊቱ ይብሳል። ይህን ሥራ የኮምፒውተር ጠጋኝ ቢሠራው ይሻላል፤ እርስዎ ግን አጠገቡ ቆመው የድሮውን ፓድ ውፍረት እንዲለካ ይጠይቁት።

በመጨረሻ የመጥፋቱን ሰዓት ይመዝግቡ። ምሽት ላይ ብቻ የሚብስ ከሆነ የመብራቱ ኃይል መውረዱም አስተዋጽኦ አለው፤ ቮልቴጅ ሲቀንስ የማሽኑ ኃይል ሰጪ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ራሱ ይግላል። ስታብላይዘር ካለ በእሱ በኩል ያገናኙት።

ጥያቄ፦ «የኔ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ማሽኑ ሳይሆን አዳፕተሩ ይግላል። በሌላ ልቀይረው?» (ጠያቂ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቀጭኑ ዓይነት የቀጠነበት አንዱ ምክንያት ኃይል ሰጪው ወደ ውጭ መውጣቱ ነው፤ ስለዚህ አዳፕተሩ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። ምንጣፍ ላይ ወይም ከሶፋ ሥር ካለ ወደ ሲሚንቶ ወይም ወደ ሸክላ ወለል ያውጡት። እጅ የሚፋጅ ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለው ግን መቀየር አለበት፤ የሚተካውም 8.5 ቮልት የሚሰጥና ከረንቱ በቀድሞው ላይ ከተጻፈው የማያንስ ይሁን። ጫፉ ልክ ሆኖ ስለገባ ብቻ የ12 ቮልት አዳፕተር አይሰኩበት።