መልስ፦ ከድኝ የሚሠራ ፕላስቲክ ተመልሶ ቅርጽ ይይዛል?

«ከድኝ የተሠራ ፕላስቲክ ከተሰበረ በኋላ እንደገና ሊሠራበት ይችላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦

አዎ፣ ይቻላል። ምስጢሩ ድኝ ከድኝ ጋር የያዘው ትስስር ነው፤ ከካርቦን ለካርቦን ትስስር የላላ ስለሆነ በሙቀት ይፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይያያዛል። ስብርባሪውን ፈጭቶ በሙቀት በመጫን አዲስ ቅርጽ መስጠት የሚቻለውም ለዚህ ነው። ፕላስቲኩን ለመሥራት በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ዘዴ ድኙን ከ159 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ የድኝ አተሞች ተያይዘው የሠሩትን ቀለበት ይከፍትና ከሌላ ውህድ ጋር ያጣምረዋል፤ ማሟሚያ ፈሳሽ አይፈልግም። ድኙም ከነዳጅ ማጣሪያዎች በገፍ የሚተርፍ ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ኃይል መፍጀቱ ሳያንስ መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በብረት ኳሶች እየፈጩ ወይም በብርሃን እየታገዙ በአነስተኛ ሙቀት የሚያጣምሩትን መንገዶች አብልጬ እወዳቸዋለሁ። ተጣማሪው የአትክልት ዘይት ከሆነማ እሰየው!