ቶሎ የሚያድገውን ለጠየቃችሁኝ ልጆች

ባለፈው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ከመካከላችሁ አንዷ «ጋሼ፣ ለቤተክርስቲያናችን ግቢ ቶሎ የሚያድገው ችግኝ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ያልሰማሁ መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ሰምቻለሁ ልጄ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። ይህንኑ ጥያቄ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ መልሼው ነበር። መልሱ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

1979 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም። በዛሬው ደቡብ ጎንደር ውስጥ የደን ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ፣ ሐምሌ ሳያልቅ የማከፋፍለው የባሕር ዛፍ ችግኝ ኮታ ነበረብኝ። ገበሬው ማሳዬ ላይ አልተክልም ሲለኝ 2,000 ችግኝ በአህያ አስጭኜ ወደ አንድ የገጠር ቤተክርስቲያን ሄድኩ። አገሩን የምታውቁ ታውቃላችሁ፦ ዙሪያው እርሻ ሆኖ ከሩቅ ጥቁር ብሎ የሚታይ ደን ካለ፣ መካከሉ ላይ ታቦት አለ። ሌላው ቦታ የተጨፈጨፈው ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ እዚያ ተርፏል። ካህናቱ ስለሚያወግዙ ቅርንጫፍ የሚደፍር የለም።

የአጸዱ በር ላይ ጫማህን አውልቅ ተባልኩ። በዚያ የሐምሌ ጭቃ! ወይራው ሥር ዜማ የሚቀጽል አንድ የቆሎ ተማሪ ስንሸራተት አይቶ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ የኔታ በአለንጋ ቸብ አደረጉት። የዚያ ልጅ ሳቅ አሁንም ትዝ ይለኛል።

የቤተክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ፣ ገበዙ፣ ሽማግሌ ነበሩ። ደኑ ጠርዝ ላይ ያለውን ገላጣ እያሳየሁ «ይሄ ባዶ ቦታ ይበቃናል» አልኳቸው።

«ባዶ አይደለም» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ሣሩን በመቋሚያቸው ገለጥ አደረጉት። ስንዝር የማይሞላ ጥድ። ራቅ ብሎ ሌላ። ከእሾሁ ሥር ደግሞ ሁለት የወይራ ቡቃያ። በባዶ እግሬ ስረግጣቸው ቆይቻለሁ ማለት ነው።

«አባ፣ እነዚህ እስኪያድጉ እርስዎም እኔም የለንም። ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት ምሰሶ ይሆናል» አልኩ። አላመኑኝም፤ የመንግሥት ሰው ነህ ብለው ፈሩኝ እንጂ። በማግስቱ የመንደሩን ወጣቶች አሰልፌ ገላጣውን በገጀራና በመቆፈሪያ አስመነጠርኩ። ስንት ጥድ አብሮ እንደሄደ አልቆጠርኩም። የሪፖርቱ ቅጽ ላይ «የተተከለ» የሚል ዓምድ ነበረው፣ «የጸደቀ» የሚል ግን አልነበረውም። ገበዙ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ መመዝገባቸውን ያነበብኩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት እንደማይቆይም አሳይተዋል። እናት ዛፉ ከወደቀ፣ ቡቃያውም ከተመነጠረ፣ ከአፈሩ የሚነሣ ተተኪ የለም። የተረፈውን ደግሞ ከብት ገብቶ ይግጠዋል። አንዳንድ አጥቢያዎች ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው ደናቸውን በካብ ያጠሩት ለዚህ ነው፤ ማሳውም ጸዳ፣ ቡቃያውም ተረፈ። ካብ! ያ ሁሉ ትምህርት ኖሮኝ አንድ ቀን ያልታሰበኝ ነገር።

ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት፣ ፕላስቲኩን ስለማውለቅ አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የሚያበሳጨኝ ፎቶው ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዛችሁ ስትስቁ አያለሁ፤ ኅዳር ላይ ጄሪካን ይዞ የሚመለስ ግን አይታየኝም። እኛም ካሜራ አጥተን ነው እንጂ ከእናንተ አንሻልም ነበር።

ባሕር ዛፍን እርገሙት ማለቴም አይደለም። እኔ ራሴ የተማርኩት አባቴ በተከለው ባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው። ከአጸዱ ውጭ፣ ከምንጭ ራቅ አድርጋችሁ ብትተክሉት አልቃወምም።

ከአራት ዓመት በፊት እዚያ ቤተክርስቲያን ተመልሼ ሄጄ ነበር። ገበዙ አርፈዋል። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ፣ አቆጥቁጦ፣ እንደገና ተቆርጧል፤ ሥሩ ሣር እንኳ የለውም። ሰበካ ጉባኤው የጣሪያውን ቆርቆሮ ያለበሰው በእሱ ሽያጭ መሆኑን ነገሩኝ። «ያስተከሉልን እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብለው ጠላ ቀዱልኝ፣ ቆመውም መረቁኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ጠላውን ጠጥቼ፣ አሜን ብዬ ተመለስኩ።

ልጄ፣ ጥያቄሽን አሁንም አልመለስኩልሽም። ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ከግቢያችን የኋለኛው ጥግ እንጀምርና መጀመሪያ ራሱ የበቀለውን እንቁጠር። ሣር መግለጫ የሚሆን በትር ይዛችሁ ኑ።