ከመጫናችሁ በፊት ጻፉ

ሕክምና ለምትማሩ ልጆች፣

ሰሞኑን ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ውስጥ ጥግ ይዘው ስልካቸው ላይ ባለ የመለማመጃ ሞጁል “ታካሚ” የሚያክሙ ተማሪዎች አያለሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰውዬ ደረቱን ይዞ ያቃስታል። ተማሪው “ኦክስጅን” የሚለውን ይጫናል፣ “ኢሲጂ” (የልብ ምርመራ) የሚለውን ይጫናል፣ “መድኃኒት” የሚለውን ይጫናል። እኩዮቼ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። “ደግሞ ሕክምና በጌም መማር ተጀመረ?” ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኛ ጊዜ አንድ በሽተኛ ተከቦ፣ ተማሪ ሁሉ ተራ በተራ ጉበቱን ሲደባብሰው፣ ሰውየው ምን እንደተሰማው ማን ጠየቀው? ዛሬም በየባቹ ያለው የተማሪ ብዛት ያው ነው። ሰው ሳይጎዳ የሚሳሳቱበት ቦታ ከተገኘ እሰየው ነው።

ነገሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 አስሙንድ ላርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የመጫወቻ አምራች ትንፋሽ መስጠት የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ሠራ። “አን” የምትባለው ያቺ ማኒኪን ዛሬም በየስኪል ላቡ (በየተግባር መለማመጃ ክፍሉ) አለች። በ1968 ደግሞ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ የልብ ድምፅና የደም ሥር ትርታ የሚያሰማውን “ሃርቪ” የተባለ ማኒኪን አመጣ። አሁን የተለወጠው ልምምዱ ኪሳችሁ ድረስ መግባቱ ነው።

ኪስ ውስጥ ስለገባ ብቻ ግን ሐኪም አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዴቪድ ኩክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የጤና ትምህርት የተሠሩ 201 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ምንም ካለመማር ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ ትልቅ ነው። ከተለመደው ትምህርት ጋር ሲነጻጸር ግን በአማካይ ያን ያህል ልዩነት የለውም። ስለዚህ ወሳኙ አጠቃቀማችሁ ነው።

አጠቃቀማችሁን ደግሞ አይቼዋለሁ። አንዱን ምርጫ ትጫናላችሁ፣ ቀይ ይሆናል። ሌላውን ትጫናላችሁ፣ እሱም ቀይ። ሦስተኛው አረንጓዴ ሲሆን “አዎ፣ አውቀው ነበር” ብላችሁ ታልፋላችሁ። አላወቃችሁትም። ያወቃችሁት አረንጓዴውን ነው።

እኔ የምላችሁ ይህን ነው፦ ምንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት የምትጠብቁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ ስክሪኑ ላይ የደም ግፊቱ 80 በ50 የሆነ ሰው አለ። እጁ ቀዝቅዟል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ልትሰጡት ነው። ጻፉ፦ ግፊቱ ስንት ይደርሳል? የልብ ምቱስ? ኦክስጅኑስ? ከዚያ ስጡት። ግፊቱ እዚያው ቀረ፣ በደሙ ያለው ኦክስጅን ከ94 ወደ 86 በመቶ ወረደ፣ ሳንባው መንተክተክ ጀመረ እንበል። በዚህ ጊዜ “ትክክለኛው መልስ” ወደሚለው ቁልፍ አትሩጡ። ስልኩን አስቀምጡና ወረቀታችሁን እዩ። የጠበቃችሁት ለምን አልሆነም? ይህ ሰው ፈሳሽ አላነሰውም፣ ልቡ ነው መግፋት ያቃተው። ይህን ራሳችሁ ከደረሳችሁበት አትረሱትም። ሞጁሉ ከነገራችሁ ግን ኦስኪ (የተግባር ፈተና) እስክትፈተኑ እንኳ አብሯችሁ አይቆይም።

ሁለተኛ፣ አንዱን ኬዝ (የታካሚ ታሪክ) ሁለት ጊዜ ሥሩት። መጀመሪያ ስክሪኑ የሚሰጣችሁን ሁሉ ተጠቀሙ። ቀጥሎ ነገ የምትመደቡበት ሆስፒታል ውስጥ ባለው ብቻ። ከእነዚህ ሞጁሎች አብዛኞቹ የተሠሩት ሲቲ ስካን በደቂቃ በሚደርስበት አገር ነው። ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ኬዝ ላይ “ደም” የሚለውን ስትጫኑ ሁለት ከረጢት ደም ወዲያው ይሰቀላል። እኛ ጋ መጀመሪያ ደም ባንክ ይደወላል፣ ከዚያ ዘመድ ይፈለጋል፣ ከዚያ ባልየው ደም መስጠት ይፈራል። እስከዚያ ምን ታደርጋላችሁ? ማህፀኑን ማሸት አለ፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን አለ፣ የደም መፍሰስ የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ካለ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ፊኛዋ ሞልቶ ከሆነም ማስሸናት አለ። ደሙ እስኪመጣ ያለችውን ሰዓት የሚያስተምራችሁ ሞጁል ብዙ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ፍጠሩት። በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ ጥናት የለም።

በነገራችን ላይ፣ የስክሪኑ ታካሚ ሲጠየቅ ቶሎ ይመልሳል። የእኛዋ እናት ስትጠየቅ የሚመልሰው ወንድሟ ነው። እሱን ከክፍሉ በጨዋ ደንብ እንዴት እንደምታስወጡት ዋርድ ውስጥ ነው የምትማሩት።

የእጅ ሥራም እንዲሁ ነው። እዚሁ አገራችን፣ ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አካባቢ፣ በ73 ጤና ተቋማት የተሠራ ጥናት አለ። ከተቋማቱ ለከፊሎቹ አዋላጅ ባለሙያዎች “ሴፍ ዴሊቨሪ” የሚባለው የማዋለድ ትምህርት መተግበሪያ የተጫነበት ስማርት ስልክ ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከ6 ወርና ከ12 ወር በኋላ ሲፈተኑ፣ ያላለቀሰ ሕፃን እንዲተነፍስ በማድረግ እውቀታቸውም ክህሎታቸውም ካላገኙት የተሻለ ነበር። የሞቱት ሕፃናት ቁጥርም ዝቅ ብሎ ታይቷል፤ መተግበሪያውን ባላገኙት ተቋማት ከ1000 ወሊድ 23፣ ባገኙት 14። ግን ልዩነቱ የአጋጣሚ አለመሆኑን ጥናቱ ማረጋገጥ አልቻለም። ቁጥሩንም ጥርጣሬውንም አብራችሁ ያዙ፣ ሻጭ የሚነግራችሁ አንዱን ብቻ ነው።

መተግበሪያውን አውርዱት። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞም አለ፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኔት ይሠራል። ቪዲዮውን ካያችሁ በኋላ ግን ስኪል ላብ ግቡና የትንፋሽ መስጫውን ማስክ ማኒኪኑ ፊት ላይ አድርጉት። አየሩ በጎን ሹልክ ሲል እጃችሁ ይስማው። ደረቱ ከፍ ካላለ ምንም አልሰጣችሁትም። ይህን ስልክ አይነግራችሁም።

ብቻችሁን አትሥሩ። ከዶርም ጓደኛችሁ ጋር ሁኑና አንዱ ጮክ ብሎ ያስብ፣ ሌላው ይጫን። የሚያስበው ሰው ስልኩን አይንካ። “ለምን?” ብሎ የሚጨቀጭቅ ጓደኛ ካላችሁ እድለኞች ናችሁ።

ሞጁሉን ስትጨርሱ የሚወጣውን ሰርተፍኬት ቴሌግራም ላይ ብትለጥፉት ቅር አይለኝም። እኔ ራውንድ ላይ (ሕሙማንን ስንዞር) የምጠይቃችሁ ግን ወረቀታችሁን ነው። ምን ጠብቃችሁ ነበር? ምን ሆነ? ለዚህ ከዲዩቲ (ከተረኝነት) በፊት አንድ ኬዝ ይበቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስተኛውን ኬዝ እየተጫናችሁ ከሆነ ስልኩን ዝጉና ተኙ።