«የእናቴ ደረት ውስጥ ሽቦ ረስተው ይሆን?»

ጥያቄ፦ እናቴ አምና አዲስ አበባ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላታል። ደህና ሆና ቀፊራ ገበያ ቅመም መሸጧንም ቀጥላ ነበር። ሰሞኑን ሳል ሲይዛት እዚሁ ድሬ ራጅ ተነሳች። ፊልሙ ላይ ደረቷ መሃል የተጠማዘዘ ሽቦ ተደርድሮ ይታያል። ጎረቤት «ረስተውብሽ ነው የሰፉት» ብላ አስደነገጠቻት። እንቅልፍ የላትም፤ መድኃኒቴንም ልተው እያለች ነው። እውነት ይረሳል? ድጋሚ ትከፈት ይሆን?
ልጇ፣ ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እማማ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። ቫልቩ የብረት ከሆነ፣ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ሲቋረጥ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። እኔን ከሽቦው ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሽቦው አልተረሳም። ልብ ጋ ለመድረስ የደረት መሃል አጥንት በመጋዝ ይከፈላል። ሲጨርሱ በማይዝግ ሽቦ ያስሩታል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 በሚሆን። አጥንቱ ከገጠመም በኋላ እዚያው ይኖራል። ካልቆረቆራቸው ወይም ካላመረቀዘ የሚነካው የለም። ፊልሙን ወደ ብርሃን አድርገህ እየው፤ ቋጠሮዎቹ ከላይ እስከ ታች መስመር ይዘው ከታዩህ እነሱ ናቸው።

ሌላም አለ። ለጥቂት ቀን የልብ ምት ማስተካከያ ተብሎ ልብ ላይ ቀጭን ሽቦ ይደረጋል። ሲያወጡት አልሳብ ካለ ልቡ እንዳይደማ ቆዳው ጋ ይቆረጥና ቀሪው ውስጥ ይቀራል። ታውቆ የሚደረግ ነው፤ ግን ለታካሚው መነገር አለበት። ባለመነገሩ ስንቱ በከንቱ ይጨነቃል!

ይረሳል ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ ይረሳል። ኦፕራሲዮን ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝና አልደብቅህም። ብዙውን ጊዜ የሚረሳው መቀስ ሳይሆን ጎዝ፣ ማለትም ደም መምጠጫው ስስ ጨርቅ ነው። ደም የጠጣ ጎዝ ከሥጋ አይለይም። ለዚህ ነው የኦፕራሲዮን ጎዝ ራጅ ላይ የሚታይ ክር የሚገባበት። ከመክፈት በፊት፣ ደረት ከመዘጋቱ በፊት፣ ቆዳ ሲሰፋ፣ ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንድ ከጎደለ ባልዲው ሳይቀር ይበረበራል፤ ከጠፋ ራጅ ይነሳል። የሚያሳዝነው፣ ጎዝ ሰውነታቸው ውስጥ ከቀረባቸው ታካሚዎች የአብዛኞቹ መዝገብ «ቆጠራው ልክ ነው» ይላል። ስለዚህ የማይለቅ ትኩሳት ወይም የማይደርቅ፣ የሚያዥ ቁስል ያለበት ሰው መዝገቡን ብቻ አምኖ አይቀመጥ።

አሁን ፊልሙንና ሆስፒታሉ ሲያስወጣቸው የሰጣቸውን ወረቀት ይዘህ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የተነሱት ራጅ ካለ ጎን ለጎን ይታይላቸው። ሳሉንም ችላ አትበሉት። እግራቸው ካበጠ ወይም ተጋድመው መተንፈስ ካቃታቸው ነገ ሳትል ዛሬውኑ ውሰዳቸው።